በዒዳ ቤት የቆመው ቶርኖ

መርሳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፣

ለአንቺ፣ ለአባትሽ ለጋሼ ሃብተሥላሴና ደጃፋችሁ ላይ ለምትተኛዋ ድመት ሳይቀር ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ደህና ካልሆንኩበት ነገር በቀር።

ስልኬ ለምን እንደማይነሳ በሰው ልከሽ ለጠየቅሽኝ፣ ስልኩ እኔ ዘንድ የለም። ባለቤቴን ሲራጅን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቀብረን በሳምንቱ ወንድሙ ኡበይደላ ከውርጌሳ መጣና "ዒዳ ላይ ለተቀመጠች ሴት ስልክ ምን ያደርግላታል" ብሎ ይዞት ሄደ። የልብስ ስፌት ሱቃችንን ቁልፍም፣ የስፌት መኪናውንም በዚያው ወሰደ። ጎረቤቴን ኡስታዛ ሀስናን፣ ሴቶችን ቁርኣን የምታስቀራዋን፣ "ይህ የስልክ ነገር በየትኛው ኪታብ ነው ያለው?" አልኳት። "በኡበይደላ ኪታብ" አለችኝ። ሐዘን ላይ መሳቅ ነውር ባይሆን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። እንግዲህ የቀረን ወረቀት ነው፤ የሚኒባሱ ሹፌር ኢዘዲን አመላላሽ ልሁናችሁ ብሏል።

ዒዳው ስንት ጊዜ ነው ላልሽው፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ከቤት አልወጣም፣ አልኳልም፣ ሽቶ አልነካም። የሚያልቀው መጋቢት 11፣ በረመዳን ሃያኛው ቀን ነው፤ ሀስና ቆጥራልኛለች። እስከዚያ ድረስ ማንም ወንድ የጋብቻ ነገር በግልጽ ሊያነሳብኝ አይፈቀድለትም። ከዚያ ወዲያ ግን ይፈቀድለታል። ኡበይደላ በመጣ ቁጥር ደጃፍ ላይ ቆሞ "ብቻ ዒዳሽ ይለቅ፣ እንነጋገራለን" ይላል። ምን እንደምንነጋገር አውቃለሁ። የሟች ሚስት ለወንድም የሚሉት የቆየ ልማድ አለ አይደል፤ ውርጌሳ ወስዶ በሚስቱ ላይ ሊያገባኝ፣ ይህንን ቤት ደግሞ ሊያከራይ ነው። ነገሬን አየሽልኝ? ያሰረኝ ዒዳ ራሱ ጠባቂዬ ሆነ። አንድ ቀን ቶሎ እንዲያልቅልኝ ዱዓ አደርጋለሁ፣ በማግሥቱ እንዳያልቅብኝ። መላኢካዎቹ የትኛውን ይዘው እንደሚወጡ እነሱ ይወቁ።

እምቢ በይ ትዪኝ ይሆናል፤ እምቢ ለማለት የሚበላ ያስፈልጋል እኮ የኔ እህት። ልጅ አልሰጠንም። ሽማግሌዎች መቀመጣቸው አይቀርም፣ የሚጠይቁትም አንድ ነገር ነው፤ "ብቻዋን በምን ትኖራለች?" መልስ ካጣሁ መርቀው ይሸኙኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ወልድያ አንድ ላይ ስንማር አባትሽ በእግራቸው እየረገጡ እንጨት የሚያሽከረክሩበት ቶርኖ ነበራቸው። መብራት አይፈልግ፣ ነዳጅ አይፈልግ። በአጥራችሁ ስንጥቅ አይቼዋለሁ። ከቤት ሳልወጣ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ልሠራበት የምችለው ሌላ ነገር አልመጣልኝም። እንዴት እንደሚበጅ እስቲ ጠይቂልኝ። ሴት አትችለውም ካሉ ግን እንዳትነግሪኝ።

ያንቺው ሁሪያ

ወልድያ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁሪያ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ድመቷ አራት ወልዳለች። ከዚህ የበለጠ ወሬ የለኝም፤ እንዳንቺ መጻፍ እንደማልችልበት ታውቂያለሽ።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ምን አላት፣ ለምን አትመጣም ብለሽ በኢዘዲን አፍ መላክሽን ሰምቻለሁ። አባቴን ትቼ ከቤት መራቅ አልችልም። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ አሁን አትጠይቂኝ።

ስለ ቶርኖው አባቴ እንዲህ ይልሻል። ሁለት ወፍራም ቋሚ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ቅበሪ። በላያቸው ሁለት ጠርብ ጎን ለጎን አጋድመሽ ቸንክሪ፤ በጠርቦቹ መካከል ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ ውስጥ ሁለት አጫጭር እንጨቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ በየራሳቸው ላይ የሾለ ብረት ተተክሎ። አንደኛው አይነቃነቅም፤ ሁለተኛው እንደ ሥራሽ ርዝመት ይጠጋል፣ ይርቃል፣ ከሥሩ በሽብልቅ ይጠብቃል። የምትሠሪው እንጨት በሁለቱ ሹል ብረቶች መካከል ይያዛል።

ከጣሪያው ወራጅ ላይ እርጥብ የባሕር ዛፍ ዘንግ እሰሪ፤ ቀጭኑ ጫፍ ከቶርኖው በላይ ይንጠልጠል። ከጫፉ ጠፍር አውርጂ፣ እንጨቱን ሁለት ዙር ጠምጥሚበት፣ ታችኛውን ጫፍ መሬት ላይ በሚተኛ ሳንቃ፣ በመርገጫው ላይ እሰሪ። ስትረግጪ እንጨቱ ወደ አንቺ ይዞራል። እግርሽን ስታነሺ ዘንጉ ይስበዋል፣ ወደ ኋላ ይዞራል። ስትረግጪ ቁረጪ፣ ሲመለስ መሮሽን አንሺ። ሌላው ሁሉ ልምድ ነው።

ሁለቱን ሹል ብረቶችና አንድ ጎድጓዳ መሮ በኢዘዲን ልኬልሻለሁ። መሮው የአባቴ ነው፣ ስለቱ ኃይለኛ ነው፤ ከመጨበጥሽ በፊት እዪው። ሴት ትችላለች ወይስ አትችልም ስለሚባለው ምንም አላለም።

እየሩሳሌም

መርሳ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፣

አቆምኩት። ወላሂ አቆምኩት። ሰላምታውን ከዚህ በኋላ አደርሰዋለሁ፣ መጀመሪያ ይህንን ስሚ።

የት አቆምሽው ካልሽኝ፣ ጓዳ ውስጥ ነው። ግቢ ባቆመው በአጥር ይታያል። ወለሉ አፈር ስለሆነ ሀስናና እኔ ሁለት ቀን ቆፈርን፤ እሷ እየቆፈረች "በሕይወቴ ለመቃብር ካልሆነ ይህን ያህል ጉድጓድ አላየሁም" ትለኛለች። ቋሚዎቹ ከአሮጌ አልጋችን ናቸው። ዘንጉን ኢዘዲን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭኖ አመጣው፤ በር ላይ ሲያራግፍ የሰፈሩ ሰው "ምንድነው?" ሲለው "የልብስ ማስጫ" ብሎ ዋሸልኝ። ስምንት ክንድ የልብስ ማስጫ።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት ሆነ ካልሽኝ፣ አልሆነም። ጠፍሩን በተቃራኒው ጠምጥሜው ኖሯል። ስረግጥ እንጨቱ ወደ እኔ መዞር ሲገባው ከኔ ሸሸ፣ መሮውን ከእጄ ነጥቆ ግድግዳ ላይ ሰካው። ቁጭ ብዬ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። "ወደ አንቺ ይዞራል" ይላል። ፈታሁና ገልብጬ ጠመጠምኩት። ረገጥኩ። እየሩስ፣ ከመሮው አፍ ላይ ረጅም፣ ቀጭን፣ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ወጣ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጸጉር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ለሲራጅ ቁልፍ ተክያለሁ። በገዛ እግሬ የዞረ ነገር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያንን ፍቅፋቂ ቁርኣኔ ውስጥ ምልክት አድርጌዋለሁ።

የማዞረው እንጨት ወይራ ነው፣ ወይራ ደግሞ ይሸታል። ጥሩ ይሸታል። ደነገጥኩና ሀስናን ጠራኋት፤ "ይህ ሽቶ ነው ወይ?" አሸተተችው፣ አሰበች፣ ደግማ አሸተተችው። "ልብስሽ ላይ አትቀቢው እንጂ ከአፍንጫሽ ጋር ነገር የለኝም" አለችኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ቶርኖው ይጮኻል። ኡበይደላ ትናንት ቀትር ላይ ሳይታሰብ መጥቶ ከበር ውጭ ሆኖ "ይህ የሚጮኸው ምንድነው?" አለ። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩት።

"አልጋው ነው።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። በዒዳ ቤት፣ ባሏ በሞተባት ሴት ቤት፣ አልጋ በቀትር ይጮኻል። ብርድ ልብሱን እያራገፍኩ ነበር ብል የባሰ ሆነ። ምንም ሳይል ሄደ፤ ዝም ያለ ኡበይደላ ከሚናገረው ይከፋል። ጩኸቱን ምን እንደሚያጠፋው ጋሼን ጠይቀሽ ቶሎ ላኪልኝ።

ለሁሉም ሰላምታ፣ ለአራቱ ግልገሎችም።

ሁሪያ

መርሳ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። የእጅ ጽሑፌ ለምን ተበላሸ ላልሽው፣ አውራ ጣቴን መሮው ነካ አድርጎኝ ነው። ነካ ነው ያልኩት። ድኗል።

ሹል ብረቶቹን ስብ ቀባኋቸው፤ እንዳልሽው ጩኸቱ ጠፋ። የቀረው ዘንጉ ሲተነፍስ ብቻ ነው። ግን ዘግይቷል። ኡበይደላ "ብቻሽን መሆንሽ ደግ አይደለም" ብሎ አክስቱን እትዬ ዙልፋን አምጥቶ ቤቴ አስቀመጠብኝ። ሰማንያ አልፏቸዋል። ሥራቸው እኔን መጠበቅ ነው፤ በሩ ላይ ቁጭ ብለው የሚገባውን የሚወጣውን ያያሉ። ከቤት መውጣት ቀድሞውንም የለም፤ አሁን ደግሞ ጓዳዬ መግባትም ቀረ። አሥራ አንድ ቀን ቶርኖውን በመጋረጃ ጋርጄ እንደ በሽተኛ ሳየው ሰነበትኩ። እግሬ ራሱን በራሱ ይረግጥ ጀመር፣ ምግብ እየበላሁ እንኳ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እትዬ ዙልፋ ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርታቸው ተሰበረ። ቀኑን ሙሉ አጉረመረሙ። "ዱሮ እንዝርት የሚሠራ ሰው ነበር፤ አሁን ሰዉ ሁሉ ስልክ ያሻል" አሉ። እኔም ነገሬን በአላህ ጥዬ መጋረጃውን ገለጥኩትና፣

"እትዬ፣ ትንሽ ድምፅ ይኖረዋል፣ አይደንግጡ" አልኳቸው።

ዱላቸውን ተመርኩዘው መጥተው ቆሙ። እንዝርቱን ሠርቼ፣ አለስልሼ፣ በእጃቸው ሰጠኋቸው። መሬት ላይ አሽከረከሩት፤ ቆሞ ዞረ።

"አልጋው ይህ ነው?" አሉኝ።

"ይህ ነው።"

"ኡበይደላ ሞኝ ነው" አሉና ወደ በሩ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን የሚጠብቁት ለኔ ነው፤ ሰው ሲመጣ ያስላሉ።

አሁን ሁለት ጊዜ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ያዘገየሁት ስላልገባኝ አይደለም። አባትሽን ሥራ ላይ ለምን በአጥር ስንጥቅ አየሽ፣ ለምን በበሩ አልገባሽም ነው ያልሽው። አሥረኛ ክፍል ሆነን በየረፍቱ ዳቦሽን እየቆረስሽ ትሰጪኝ ነበር። ልጆቹ "የጠይብ ልጅ ናት፣ ከእጇ ከበላሽ ትበላሻለች" አሉኝ። ያንን ሞኝነት አመንኩት ልበልሽ ወይስ እነሱን ፈራሁ፣ እስካሁን አላወቅሁትም። ብቻ በማግሥቱ ዳቦውን ስትዘረጊልኝ "ጠግቤያለሁ" አልኩሽ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠግቤያለሁ አልኩሽ። በራችሁ አለመግባቴም ከዚያው ነው። አሁን የዚያው ሰው መሮ እጄ ላይ ነው፣ የሚያበላኝም እሱ እንዲሆን እለምናለሁ። አፉ በይኝ። ጋሼንም ስለኔ አፉ በሉኝ በያቸው።

ሁሪያ

ወልድያ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁሪያ፣

እንዳልጠገብሽ አውቅ ነበር። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሆድሽ ሲጮህ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማ ነበር።

"አፉ ብዬሻለሁ" ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ይህ ሦስተኛው ነው። ገና አላልኩሽም፤ ግን ይኸው እጽፍልሻለሁ፣ መሮውንም መልሺ አላልኩሽም። ለጊዜው በዚህ ያዢኝ።

እኔም የደበቅሁሽ አለ። አባቴ ስለ ቶርኖው አንድም ቃል አልነገረሽም። ከመስከረም ጀምሮ የቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ አንደበቱም ተይዟል። የሚወጡለት ሁለት ሦስት ቃላት ናቸው፤ እነሱም ትግርኛ ናቸው። አገላብጠዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ አጥበዋለሁ። አንድ ሰዓት ከተውኩት ይፈራል። እንግዲህ አንቺ አራት ወር ከአሥር ቀን ተብሎ ተቆጥሮልሻል፤ የኔን የሚቆጥርልኝ የለም። እንደ ምሬት አትይብኝ፣ ስለጠየቅሽኝ ነው።

የጻፍኩልሽ ሁሉ ከራሴ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የአባቴን መርገጫ የምረግጠው እኔ ነበርኩ፣ እሱ መሮውን ይይዛል። በኋላ መሮውንም ሰጠኝ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቁምጣ የማልለብሰው ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ፤ የቀኝ እግሬ ከግራው ይወፍራል። "አባቴ ይልሻል" ብዬ የጻፍኩት፣ ከኔ ነው ብልሽ ያ የድሮው ፊትሽ ይመጣል ብዬ ነው።

አንድ ነገር አስቢበት። እስካሁን የምትሠሪው በመጋረጃ ነው። ሰው ሲያይሽ ያ ጠይብ የሚሉት ቃል ይመጣል፣ ያውም ከዘመድ አፍ ነው የሚጀምረው። አባቴ አርባ ዓመት ሲሉት ዝም አለ። እኔ ሸሽቼ ጸሐፊ ሆንኩ። ሁለቱም አልበጁንም። ሌላ መንገድ ካለ አላውቀውም።

እየሩሳሌም

መርሳ፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፣

አንቺም ሁዳዴ፣ እኔም ረመዳን። ሁለታችንም ጾመኛ ሆነን ስለ ምግብ ልጽፍልሽ ነው፣ ታገሺኝ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ስለ ጋሼ ያለቀስኩትን ለሀስና ነገርኳት፤ "ዒዳ ላይ ለሌላ ሰው ማልቀስ ይፈቀዳል?" ብላ አሾፈችብኝና አብራኝ አለቀሰች። ስለ እግርሽ ደግሞ፣ የኔም ቀኝ እግር መወፈር ጀምሯል። ለካኩት።

ምን እየሠራሽ ነው ላልሽው፣ የሳምቡሳ ሊጥ መዳመጫ ነው። መርሳ ሴቱ ሁሉ ሊጡን በጠርሙስ ነበር የሚዳምጠው። ከዋንዛ እየሠራሁ፣ ዳርና ዳሩን እጀታ እያወጣሁ፣ መጀመሪያ ለሀስና ተማሪዎች ሰጠሁ። በረመዳን ሦስተኛው ቀን ሀስና በቀሚሷ ሥር ደብቃ የምታወጣው አልበቃም አለ፤ በዘንቢል ሆነ። "ከየት ነው?" ሲሏት "ከወልድያ" ትላለች። በአንድ በኩል እውነቷን ነው፣ ከአንቺ ነው የመጣው። እትዬ ዙልፋ ጫፎቹን በብርጭቆ ስባሪ ያለሰልሳሉ። ከሱብሒ በኋላ ሦስት፣ ከዙህር በፊት ሁለት እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጾሙ እግሬን ይይዘዋል።

አሁን ሳቂ። ቅዳሜ ኡበይደላ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ይዞ መጣ። "ሚስቴ እጇ ተፈታ" ይላል፤ "እንደ ወረቀት ስስ አድርጋ ነው የምትዳምጠው። የወልድያ መዳመጫ ገዝታ ነው።" እትዬ ዙልፋ ሳላቸው ያዛቸው። እኔ "ማሻአላህ" አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ "አላህ ካለ በዒድ አብራችሁ ትሠራላችሁ" አለ። ሳቁ በዚያው ደረቀ።

አሥር ቀን ነው የቀረኝ። ሀስና "ሽማግሌዎቹ ሲመጡ መጋረጃውን እንዳትገልጪ፤ ዘመድ ይረዳኛል ብለሽ እለፊው። ቃሉ አንዴ ከወጣብሽ አይመለስም" ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ዘመዴ ማነው? በማግሥቱ ይጠይቁኛል። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? የሠራሁትን አንድ እንዝርት ልኬልሻለሁ፤ እንከኑን ንገሪኝ።

ሁሪያ

ወልድያ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁሪያ፣

ምን እንደምትዪ አልነግርሽም። የኔ አፍ የሸሸ አፍ ነው።

እንዝርቱን አባቴ ግራ እጁ ላይ አስያዝኩት። በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወሰድኩና በብርሃን አየሁት፤ ሲመለስ መሮሽን ሳታነሺ የቀረሽበት ቦታ ነው። መልሼ ሰጠሁት፤ እንደገና እዚያው ቆመ። ከዚያ "ጽቡቕ" አለ፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ከታኅሣሥ ወዲህ ያልተናገራት ቃል ናት። አሁንም ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዞት ነው፤ አልቀማሁትም።

እንከኑ ያ ብቻ ነው። እስከ መጋቢት 11 የቀሩትን ቀናት በልቤ እቆጥርልሻለሁ።

አፉ ብዬሻለሁ።

እየሩሳሌም

መርሳ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እየሩስ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። አንድ ወር ዝም ማለቴን ይቅር በይኝ፤ የላክሻቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ተቀየምሽ ወይ ላልሽው፣ አልተቀየምኩም። የሆነውን እስኪያልቅ ድረስ መጻፍ አልፈለግሁም፤ ዛሬም አላለቀም፣ ግን ካሁን በላይ አልችልም።

ዒዳዬ በለቀ በማግሥቱ ረፋዱ ላይ መጡ፤ ኡበይደላና ሦስት ሽማግሌዎች። እትዬ ዙልፋ ጥግ ላይ እየፈተሉ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ መረቁኝና፣

"ልጄ፣ ወደፊት በምን ትኖሪያለሽ?" አሉኝ።

"ምን ይጠየቃል" አለ ኡበይደላ፣ "እኛ ዘንድ ትኖራለች እንጂ።"

"እሷን ነው የጠየቅሁት" አሉት።

ተነሣሁና መጋረጃውን ገለጥኩት። ያቺን አንዲት ቀን በአፌ ፋንታ እግሬ ተናገረልኝ። አንድ ዋንዛ አሰርኩ፣ ረገጥኩ፣ መዳመጫ እስኪመስል ድረስ ረገጥኩ። ፍቅፋቂው እስከ ኡበይደላ ጫማ ድረስ ሄደ።

"ይህ የጠይብ ሥራ ነው" አለ።

ሀስና ያስጠናችኝ መልስ ምላሴ ላይ ነበር፤ "ጊዜ ማሳለፊያ ነው" እንድል ነው። እሱን ብል ሁሉም ይስቁ ነበር፣ መጋረጃው ይመለስ ነበር፣ እኔም በዒድ ውርጌሳ ነበርኩ። ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ፤ አባትሽ ዝም አሉ፣ አንቺ ሸሸሽ።

"አዎ" አልኩት። "ጠይብ ነኝ።"

"ቀልዷን ነው" አላቸው ለሽማግሌዎቹ።

"ቀልዴን አይደለም። ሚስትህ የምትዳምጥበትም ከዚህ የወጣ ነው። ረመዳኑን ከእጄ ስትበላ ከረምክ፣ እስካሁን ደህና ነህ።"

ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ፣ ፍቅፋቂው እንዳይነካበት። አየሽ፣ ያ ነው የቆረጠልኝ። "የወንድሜ ሚስት ጠይብ ሆና ከቤቴ አትገባም" አለ። ትልቁ ሽማግሌ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያውስ እሷ እምቢ አላለችህም፤ አንተ ራስህ ተውካት። ይህን ሁላችንም ሰምተናል" አሉት። ሊመልስ አፉን ሲከፍት እትዬ ዙልፋ ቀና አሉና "ኡበይደላ፣ ከብርሃኑ ላይ ዘወር በልልኝ፣ ክሩ አልታይ አለኝ" አሉት። ዘወር አለ። ወጥቶም ሄደ።

ይህ ደስታው ነው። ጭንቁን ደግሞ ልንገርሽ፣ ድል አድርጌ እንዳይመስልሽ። ውርሱ ተከፋፈለ። የፊተኛው ክፍልና የመንገዱ በር ለእሱ ወጣ፤ ለኔ ጓዳውና የጓሮው ግማሽ። ከሳምንት በኋላ ግንበኛ አምጥቶ ቤቱን መሀል ለመሀል በብሎኬት ዘጋው። በር የሌለው ግማሽ ቤት ደረሰኝ። ከዒዳ በወጣሁ በሳምንቱ ይኸው እንደገና ውስጥ ነኝ። የምወጣው በሀስና ግቢ ነው፤ የአጥሩን ቆርቆሮ ታነሳልኛለች፣ ጎንበስ ብዬ አልፋለሁ፣ እንደ ዶሮ። እትዬ ዙልፋ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ጭራሽ አይወጡም፤ ውርጌሳም አልሄድም ብለዋል።

ቃሉም ወጥቷል፣ እንዳልሽው። ሁለት ሴቶች መዳመጫዬን መለሱ፤ ታጥቦ፣ በፌስታል ታስሮ፣ የሀስና ደጃፍ ላይ ተቀምጦ። አንደኛዋ ለሲራጅ ሐዘን ሦስት ቀን አብራኝ የተቀመጠች ናት። ፌስታሉን ስፈታ ያ የአሥረኛ ክፍል ነገር ከየት በኩል እንደሚያም አወቅሁት። ይቅርታ ማለትን ሳላውቀው ነው ለካ አፉ በይኝ ያልኩሽ። የቀሩት ግን አልመለሱም፤ እንዲያውም አንዷ ለልጇ የአልጋ እግር አዛለች፣ አራት፣ የደረቀ ወይራ አምጥታ። በምን ትኖሪያለሽ ለሚለው ይኸው፣ እየኖርኩ ነው።

ዛሬ ጧት የኔ ግንበኛ መጣ። የጓዳውን የኋላ ግድግዳ በቀጭኗ መንገድ በኩል አፍርሶ በር ሊያወጣልኝ ነው። ይህንን የምጽፍልሽ አቧራ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው። መዶሻውን ይዞ "እመቤት፣ ስንት ላድርገው?" አለኝ። ለራሴ እንደሆነ አንድ ሜትር ይበቃኛል፣ ለግንድም ይበቃል። ለካሁና አንድ ሜትር ከስድሳ አልኩት።

"ለአንዲት ሴት ጓዳ? የጋራዥ በር ነው እንዴ የሚሠራው?" አለኝ።

"እንግዳ አለብኝ" አልኩት። "ተኝቶ ነው የሚመጣው፤ አልጋው በአራት ሰው ተይዞ፣ ልጁም አጠገቡ ሆና።"

ኢዘዲንን አነጋግሬዋለሁ፤ የኋላ ወንበሮቹን እፈታለሁ ብሏል። ቶርኖው አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ ለአልጋው ቦታ ጠርጌያለሁ። ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ።

ሁሪያ